የዋሻ ገብርኤል አፈር

ጭላ አምባ፣ ላስታ
ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ንጋቴ፣

አስቀድሜ ደኅና ነን ብያለሁ፤ እንዲህ ካላልኩሽ ቀሪውን ሳታነቢ እንባሽን ታዘሪያለሽ፣ አውቅሻለሁ። አንቺስ? ደሴ ብርዱ ገባ? ያ ራስ ምታትሽ ለቀቀሽ ወይስ እንደ ጎረቤት ሴት ሳይጠሩት ይመጣል?

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሙጂብ አይሱዙውን ጋሸና አቁሞ ለነጅሚያ ሰጣት፤ ነጅሚያ ምግብ ቤቷ ውስጥ ብርጭቆ ስታስቀምጥበት ሰንብታ ሰው ስታገኝ ላከችልኝ። የፖስታው ጀርባ የሻይ ክብ ክብ ተስሎበት ነው የመጣው። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ የአገሩ ምስጢር ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያልፈው። ማንበብ አልችልም ትላለች። አላምናትም፤ ያንቺን ራስ ምታት ከእኔ ቀድማ ነው ያወቀችው።

እህሉን የት አደረጋችሁት ላልሽኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጦርነት ጓሮ የቀበርነውን ገብስ መሬቱን በብረት ዘንግ እየወጉ አግኝተው እንዳወጡት አልረሳንም። ዘንድሮ ተኩሱ ወደኛ ሲቀርብ ሰዉ ሁሉ ወደ ቄስ ኢያቄም መጣ። ባሌ ስለሆኑ አይደለም የምለው፤ የደብሩ አስተዳዳሪ ሌላ ማን አለ? እሳቸውም አስበው አስበው፣ ከዋሻ ገብርኤል ቤተ መቅደስ ጀርባ ያለውን የኖራ ግንብ እናፍርሰው አሉ። ልጆች ሳለን የቅዱሳን መቃብር ነው እየተባልን የምንሳለመው ግንብ፣ እሱን ነው። ፈረሰ፤ መቃብር የለም። ሰፊ ክፍል ነው፣ ዳር ዳሩን የዛገ የብረት በርሜል ተደርድሮበታል። ቄሱና ዲያቆን አረጋ በርሜሎቹን እያንከባለሉ ወደ ጥግ አስጠጉ። ትንሹን በርሜል አረጋ በትከሻው ተሸከመው፤ ያንጠባጥብ ኖሮ አዲሱን ጋቢውን አበላሸበት። ከዚያ የመንደሩ ገብስና ስንዴ በየጆንያው ገባ። አሁን ዘንግ ይዞ የመጣ ሰው የሚወጋው ድንጋይ ነው።

ደግሞ ሌላ በረከት አለ። የዚያ ክፍል አፈር እንደ ውጭው ደረቅ አይደለም። ርጥብ ነው፣ ቅባት አለው፣ ሽታው ቁርጥ ነጭ ሽንኩርት። ማሚቱ አሽትታ፣ "ይኼ ቡዳ የሚያባርር እምነት ነው፤ ገብርኤል ለክፉ ቀን ያስቀመጠልን" አለች። ማሚቱን አልረሳሻትም፣ የአረጋ እናት፣ ጉልበቷን ስታማርር የምትውለዋ። ከውጭው አፈር ስንቀባ ነው ያደግነው፤ ይህኛው ግን ገና ሲሸት ራሱ መድኃኒት ነው። ቄሱ ለታመመ ሰው ብቻ ጥቂት ጥቂት ሰጥተው፣ የቀረው ለታኅሣሥ ገብርኤል ይቆይ አሉ። በንግሡ ከየአጥቢያው ስንት ሕዝብ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ላንቺ ግን የቄስ ሚስትነቴን ተጠቅሜ ቋጠርኩልሽ። በላስቲክ ደጋግሜ ጠቅልዬዋለሁ። ግንባርሽን ቀቢው።

ቄሱ ሰላም ብለውሻል። ዓይናቸው ትንሽ ያለቅሳል፤ ግንብ ያፈረሰ ሰው አቧራ አይቀርለትም።

እህትሽ ወለላ


ደሴ
ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ወለላ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ቋጠሮው ደርሶኛል፤ ሳልቀባው ቀረሁ። ይቅርታሽን። ለሥራ ስቸኩል መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ በኋላ ረሳሁት። መርሳቴን አሁን አመሰግነዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ግን ተቀምጠሽ አንብቢው።

አረጋን ሙጂብ በመኪናው ጭኖ እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል አምጥቶታል። እናንተ ለትከሻው ወለምታ ወጌሻ ጋ ሄደ እንደምትሉ ሙጂብ ነግሮኛል። ወለምታ አይደለም። ከትከሻው እስከ ወገቡ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ሐኪሙ፣ "እሳት ነካህ?" አለው። "የለም።" "ውሃ ፈሰሰብህ?" "የለም ጌታዬ። በርሜል ተሸከምኩ፣ ቤቴ ገባሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ እንዲህ ነኝ።" ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም፣ ሳሉ አላስጨረሰውም።

ጋቢውን ያወለቅነው እኔና አንዲት ጓደኛዬ ነን። በማግስቱ ሁለታችንም ዓይናችን ደም መስሎ ሥራ ገባን። ጋቢው የሸተተኝ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ያኔ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ቋጠሮሽ ትዝ አለኝ። ደብዳቤሽን ለሐኪሙ አነበብኩለት። በርሜል የሚለው ላይ ሲደርስ "ድገሚልኝ" አለ። ደገምኩለት።

እታለም፣ ያ ክፍል መቃብር አልነበረም፣ ጎተራም አይሆንም። በርሜሎቹ ውስጥ ያለው፣ ሐኪሙ እንዳለው፣ ጣልያን በወረራው ጊዜ በሕዝብ ላይ ያወረደው የመርዝ ዘይት ነው፤ የሰናፍጭ ጋዝ ይሉታል፣ ጋዝ ይበሉት እንጂ የሚቀባ ዘይት ነው። የተረፈውን ዋሻ ውስጥ አከማችቶ ግንብ ገንብቶበት ሄደ። መሬት ውስጥ ብርድ ላይ ስለኖረ አልሞተም። አፈሩ ጠጥቶታል። እህሉም አብሮት ተቀምጧል። ማንም አይግባ፣ ማንም አይቀባ፣ ከዚያ እህል ማንም እንዳይፈጭ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በርሜሎቹን ያንከባለሉት ሁለት ሰዎች ናቸው ብለሻል። አንዱ እዚህ ተኝቷል። የሁለተኛው ዓይን እውነት አቧራ ነው?

ንጋት


ጭላ አምባ
ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ንጋት፣

ሰላም ብለሽኛል፤ ሰላም ብያለሁ።

ተቆጥቻለሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ መልአክ እኛን በገዛ አፈሩ ያቃጥለናል? "ሰናፍጭ በዚህ ጾም እኛም በየቤታችን እንበላለን፤ ከአፍንጫ ውሃ ሌላ ያመጣብን የለም" አለች ማሚቱ። እሷ ናት ያለችው፤ እኔ ግን ስትል አልከለከልኳትም።

ጉልበቷ ላይ እንቁላል የሚያክል ውሃ ቋጥሯል። "በሽታው እየወጣ ነው" እያለች ለመጣው ሁሉ ቀሚሷን ሰብስባ ታሳያለች። ከጾሙ በኋላ በምርኩዝ አልሄድም ብላ ምርኩዟን ለሰው ሰጠች። ያየ ሁሉ ቄሱን እምነት ስጡኝ ይላል። እሳቸው ለንግሡ ነው እያሉ መልሰዋል፤ ስለዚህ ሰዉ አሁን ንግሡን እንደ ሠርግ ነው የሚጠብቀው።

የማሚቱ ሌላው ወሬዋ አረጋ ነው። "አንዷ ነርስ ይዛ አስቀርታዋለች እንጂ ልጄ ለትከሻ ይህን ያህል አይቆይም" ትላለች። እኔም ከእሷ ጋር ሳቅሁ። ተጠንቀቂለት ንጋት። ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልንገርሽ። የደብዳቤሽን ነገር ለአያ ፈንታው አወራሁለት፤ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጥ እዚህ የለም። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "አዎ፣ አባቴ ነግሮኛል" አለ። ጣልያን ምሽግ ሲሠራ በርሜሉን በበቅሎ አስጭኖ እንዳመጣው፣ ነጂዎቹ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይነዱ እንደነበር፣ የበቅሎዎቹ ጀርባ እንደተላጠ፣ ግንቡንም ራሱ ጣልያን እንደገነባው።

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"ማን ጠየቀኝ? እናንተ ስትሳለሙት እያየሁ አረጀሁ። ሁሉም ቅዱስ ነው ሲል፣ አባቴ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።"

"አንተስ ትሳለመው አልነበር?"

"ሰው ሁሉ ሲሳለም እኔ ብቻዬን ልቁም?"

ይህን ሰምቼ ቁጣዬ ግማሹ በረደ፤ ግማሹ ወደ ፍርሃት ሄደ።

ስለ ቄሱ ጠይቀሽኛል። ደኅና ናቸው። ከቤት ብዙ አይወጡም ብቻ። ፀሐይ ስለማይስማማቸው በሩን ዘግተን ነው የምንውለው። ደብዳቤሽን እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ዳዊታቸውንም በዚህ ሰሞን እኔ ነኝ የማነብላቸው፤ ስሳሳት በቃላቸው ያርሙኛል።

ወለላ


ደሴ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

መቆጣትሽን ተቀብያለሁ። ዳዊቱን አነብላቸዋለሁ ያልሽው ጋ ስደርስ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ተቀመጥኩ። ዳዊት ሳያነቡ እህል የማይቀምሱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል ማለትሽ ነው፣ ይህን ለመጻፍ ወረቀት አጠረሽ? ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁት የዓይን ቅባት በየጊዜው ይደረግላቸው። አይሹት፣ በእጅ አይነካ።

አረጋ ተኝቷል። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ለቄሱ በቃል የላክሁት መልእክት አለ፤ ሙጂብ ራሱ ወጥቶ ለእሳቸው ብቻ ይነግራቸዋል። ለነጅሚያ እንዳያወራ አስምዬዋለሁ።

እዚህ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰዎቹ አልከፉም፣ ወንበር ሰጡኝ፣ ሰሙኝ። "መንገዱ ሲከፈት ባለሙያ እንልካለን" አሉ። "ንግሡ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም" አልኩ። አንደኛው አሰበና፣ "ንግሡን አታዛውሩትም?" አለኝ። አላሾፈም እኮ። ከልቡ ነው።

ስለዚህ የምታስቆሙት እናንተ ናችሁ። ሰው ለምን እንደማያምን ላስረዳሽ፣ አንቺም ለሌላው እንድታስረጂ። ሲነካ አያቃጥልም። ዛሬ የተቀባ ሰው ዛሬ ይስቃል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በማግስቱ ጠዋት ነው ቆዳው የሚነሣው። በዚህ መሀል የነካው ሁሉ ምንም አልሆንኩም ይላል፣ ለሌላው ይሰጣል። የነካው ሰው ካለ ያኔውኑ በብዙ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ ልብሱ ተቆርጦ ይውለቅ። አንድ ጊዜ የጎዳው ሰው ሁለተኛ ከነካው ደግሞ የከፋ ነው፤ ሳንባው አይችለውም።

በንግሡ ዕለት እናቶች ለሕፃናት ግንባር እንደሚቀቡ ታውቂያለሽ። እኔንም አንቺንም እናታችን ቀብታናለች። ይህን አስቢና ቁጣሽን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ።

ንጋት


ጭላ አምባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ንጋቴ፣

ሙጂብ መጣ። ሰላም ብሎን ሻይ እንኳ አልጠጣም፣ ቄሱን በእጃቸው ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፣ ግራሩ ሥር ቆሙ። ሲመለሱ ሙጂብ አላየኝም። ቄሱም እንደማያዩኝ ታውቂያለሽ። አልጠየቅሁም። "ተኝቷል" ያልሽውን ጮክ ብዬ እንደጻፍሽው አነበብኩላቸው። "ይበቃል፣ ለጊዜው እዚያ ላይ አቁሚ" አሉኝ። ገባኝ። አረጋ ሞቷል። ሬሳ ይዞ ኬላ ማለፍ ስላልተቻለ እዚያው ደሴ እንደቀበራችሁት በኋላ ቄሱ ነገሩኝ።

ማሚቱ አልሰማችም። የነፍስ አባቷ ቄሱ ስለሆኑ መርዶው የእሳቸው ነው። ሽማግሎቹን ለብቻ ጠርተው ተማከሩ፤ ለንግሡ ጠላ ጠንስሳለች፣ ስለቷን ታድርስ፣ ከንግሡ በኋላ ጠዋት ዘመድ ተሰብስቦ ትሰማለች ተባለ። እኔም ልክ ነው አልኩ። እንዲህ ነው ወጋችን፤ አንቺም ለዚህ አይደል በወረቀት ያልጻፍሽው?

ከቅዳሴ በኋላ እጃቸውን ይዤ ወደ ደጀ ሰላሙ ወሰድኳቸውና ለሕዝቡ ተናገሩ። ሁሉንም። በርሜሉን፣ ጣልያንን፣ አፈሩን፣ እህሉን። አያ ፈንታውም ቆሞ የአባቱን መሰከረ። ከዚያ ሰውአገኝ ተነሣ፤ ከሁሉ በላይ ጆንያ ያስገባው እሱ ነው።

"አባ፣ ይፍቱኝና፣ ገብሳችን ሲገባ ቅዱስ ቦታ ነበር። ሊወጣ ሲል መርዝ ሆነ?"

"እኔም አላወቅሁም ልጄ።"

"አሁን ማን አሳወቀዎት? የሚስትዎ እህት። ደሴ ቁጭ ብላ። አፈሩን ለእሷ አልላካችሁም? ሞተች?"

ሰዉ ሣቀ። "አልቀባችውም" አልኩ እኔ፤ መናገር አልነበረብኝም። "ይኸው፣ እሷስ የት ታውቀዋለች ታዲያ" አለኝና የባሰ ተሣቀ።

ማሚቱ ግን አልሣቀችም። ጉልበቷን ይዛ ወደ ፊት መጣችና፣ "አባ፣ እርስዎ ዓይንዎን ቢያምዎ በአፈሩ ነው እንዴ? ምቀኛ ነው። ጥቂት ከእምነቱ ይቀቡ፣ ይለቅዎታል። ልጄም ተሽሎት ለንግሡ ይደርሳል፣ እሱ ይመስክር" አለቻቸው። እኔ መሬት አየሁ። ሽማግሎቹም መሬት አዩ። ቄሱ ብቻ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ እንዳዞሩ ቆሙ።

በመጨረሻ ገዘቱ። በተሰጣቸው ሥልጣን ከዚያ ክፍል አፈርም ሆነ እህል የሚያወጣ የተለየ ይሁን አሉ። ግዝት ነውና ሰው ፈራ፤ ግን ማመንና መፍራት አንድ አይደለም። ሲወጡ የሚያጉረመርሙትን ሰምቻለሁ። ንግሡ ሲደርስ፣ ከሌላ አጥቢያ ሕዝቡ ሲጎርፍ፣ ማን ማንን ይይዛል? ካህናቱም ተከፍለዋል። ግማሹ ከአባ ኢያቄም የሚበልጥ ጳጳስ አለ ይላል።

ቤት ስንገባ፣ "የአረጋን ብትነግሯቸው ሁሉም ያምን ነበር" አልኳቸው።

"እናት የልጇን መርዶ በክርክር መሀል አትሰማም" አሉኝ።

መኝታቸውን አነጠፍኩ። ትንሽ ቆይተው፣ "የእህትሽን ደብዳቤ አምጪው" አሉኝ። የትኛውን ስላቸው፣ ያችን ስለ ማግሥቱ ጠዋት የጻፈቻትን አሉ። አነበብኩላቸው። "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ውሃ ስጪኝ ብለው ጠጡና ተኙ። ደኅና እንቅልፍ ነው የተኙት፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተኝተው አያውቁም።

ወለላ


ደሴ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ። ያችን መስመር ለምን አስደገሟት? ብቻቸውን አትተዪአቸው። ወደ ዋሻው እንዳይሄዱ፣ ማንም እንዳይመራቸው። ሁለተኛ ከነካቸው አይተርፉም ብዬ ጽፌልሻለሁ፤ ያንንም አንብበሽላቸዋል ማለት ነው።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም ብዬ አረጋን ተኝቷል አልኩት። ሞቷል፣ ሳንባው ተቃጥሎ ሞቷል፣ ለእናቱም ለሁሉም ንገሩ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ቄሱ ሌላ ምስክር አይፈልጉም ነበር። አሁን እላለሁ። ንገሯት። ወግ ይቅር። በጠላው መሀልም ቢሆን፣ በክርክርም መሀል ቢሆን ንገሯት።

ሙጂብ ኬላው ላይ ተይዟል። ይህን የያዘው ሌላ ሹፌር ነው። ለነጅሚያ፣ ሻይሽን አታስቀምጪበት፣ በሩጫ ላኪው በላት ብዬዋለሁ።

ንጋት


ጭላ አምባ
ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ንጋቴ፣

ደኅና ነሽ ወይ? ልጆችሽስ? እኔ አለሁ።

ያች ደብዳቤሽ ከንግሡ በኋላ ደረሰችኝ። ነጅሚያን አትውቀሻት፣ አላቆየቻትም፤ መንገዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የላክሻቸውንም አግኝቻለሁ። ጥያቄሽ ብዙ ነው፤ የቻልኩትን ልመልስ።

አልነበርኩም። በመጀመሪያ ይህን እወቂልኝ። ለዋዜማው አንድ ቀን ሲቀረው እናታቸው ዘንድ ሂጂ፣ ለንግሡ አምጫት ብለው ላኩኝ። የበቅሎውን ኮርቻ እንኳ በዳሰሳ ራሳቸው አጠበቁልኝ። ስመለስ ሆኖ ነው የደረስኩት። የምነግርሽ ሰው የነገረኝን ነው።

በዋዜማው ዕለት ሰዉን ደጀ ሰላም ሰብስበው፣ አያ ፈንታውን ምራኝ ብለው ገቡ። እሱን በር ላይ አቁመው ግድግዳውን እየዳሰሱ ብቻቸውን ዘለቁ። ያ የሚያንጠባጥበው በርሜል ከተቀመጠበት አፈር አፍሰው ወጡ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው፣ ደረታቸውን፣ ሕዝቡ እያየ ቀቡ። "አያችሁ? ምንም አላቃጠለኝም። ነገ ጠዋት ቅዳሴ ሳይገባ ኑና እዩኝ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካ" አሉ። ሰውአገኝ፣ "ምንም ካልሆኑስ አባ?" አላቸው። "ምንም ካልሆንኩ ግዝቱን ፈትቼ እኔው አወጣላችኋለሁ።"

አመሻሽ ላይ ደረስኩ። ሳሙናውንና ውሃውን ይዤ ብለምናቸው እሺ አላሉኝም። "ሳያዩኝ ከታጠብኩ ምን ዋጋ አለው" አሉ። ልጆቻችንን ጎረቤት አሳደሩልኝ። እኔም እንዳልጠጋቸው ከለከሉኝ፤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ጠዋት ሕዝቡ መጣ። ያየውን አልጽፍልሽም። አንቺ አረጋን አይተሻል።

ማሚቱ ናት ከመሀል ወጥታ የቀረበች። ክንዳቸውን ብዙ ቆማ አየች፣ ከዚያ የራሷን ጉልበት አየች። "አባ፣ ልጄም እንዲህ ነው የሆነው?" አለች። ቄሱ፣ "አዎ ማሚቱ" አሏት። "ተሽሎታል?" "የለም።" መርዶዋን እንዲህ ሰማች፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ማንም ሳይደግፋት። አልጮኸችም። ተመልሳ ወደ ዋሻው ወጣችና ከፈረሰው ግንብ አንድ ድንጋይ አንሥታ በሩ ላይ አኖረች። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እየተነሣ አንድ አንድ አኖረ። ሰውአገኝም። ከሌላ አጥቢያ የመጣው ሕዝብ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ታቦቱ ቀድሞ ወጥቶ ነበርና ሜዳ ላይ ነገሠ።

ቄሱ በሕይወት አሉ ወይ ብለሽ ስትጠይቂ እሳቸው አልነበሩም። ገና በዋለ በማግሥቱ ዐረፉ። መተንፈስ ሲያቅታቸው ደሴ እንውሰዳቸው ያሉ ነበሩ፤ "ሰዉ ለእኔ ሲል መንገድ ላይ እንዳይሞት" ብለው እንቢ አሉ።

ስለ እህሉ ጠይቀሽኛል። አዎ፣ ለመኗቸው። ሽማግሎቹ ራሳቸው መጡ፣ አልጋቸው ሥር ተንበረከኩ። "አባ፣ ከላይ ከላይ ያለው ጆንያ ምናልባት ደኅና ይሆናል። ልጆቻችን ምን ይብሉ? እርስዎ ካልፈቱት ማን ይፈታዋል?" አሉ። የገዘተ ካልፈታ እንደማይፈታ ታውቂያለሽ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ለዚህ ነው የለመኗቸው፣ ለዚህም ነው ያልመለሱላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የራሳችንም ገብስ እዚያው ነው ንጋቴ። ልጆቹ ደጃፍ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

የተቀበሩት ሜዳው ላይ ነው። ቄስ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ነው የሚቀበረው፣ ግን አጥሩ ዋሻውን ይዞ ነውና ሽማግሎቹ አልደፈሩም። ማሚቱ በምርኩዝ ቆማ አስቀበረች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ልጇ መታመሙን እያወቅሁ አብሬያት መሣቄን አስታውሳ ይሆናል። እንደሚሞት ያኔ አላውቅም ነበር ብዬ ብነግራት ምን ይለውጣል?

የምንበላው አለ፣ አትጨነቂ። ነጅሚያ በአህያ ስንዴ ላከች፤ "ስለ ራስ ምታቷ ያማኋትን ለእህትሽ እንዳትነግሪ" ብላ። ከወረዳም ይመጣል ይባላል። ባቄላው ገና እርሻ ላይ ስለነበር ተርፏል። ሰውአገኝ ያለውን እየሰፈረ ይሰጣል፤ ስለ ቄሱ ሲነሣ ግን ተነሥቶ ይወጣል።

ልጆቹን ይዘሽ ደሴ ነዪ ብለሻል። ልጆቹን እልክልሻለሁ፤ ሙጂብ ተፈትቷል፣ ይወስዳቸዋል። እኔ አሁን አልመጣም። ከዚህ የነበረ ሰው አይቷል፣ አይጠጋም። ያላየ ሰው ግን አለ። ወሬው እንዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ የመዳኑ ወሬ ርቆ ሄዶ የመዘጋቱ ወሬ ከኋላው ቀርቷል። ነጭ ሽንኩርት የሚሸት እምነት አለ አሉ እያለ ከቡግና፣ ከአይና፣ ከየት የት ሰው ይመጣል። ድንጋዩም ያለ ጭቃ ነው የተካበ፤ ለፈለገ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ከዋሻው በታች ያለው መታጠፊያ ላይ እውላለሁ። ጥጤን ይዤ ነው የምወጣው፣ እየፈተልኩ።

ዛሬ አንዲት ሴት መጣች። ሕፃን አዝላለች፣ ፊቱ ቆስሏል፣ ጭርት ነገር ነው። ነገርኳት። አላመነችኝም። "ባልሽ ስለሞተበት ቦታውን ለሌላው ትከለክያለሽ?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ደጋግሜ፣ እስከ ማሚቱ ድረስ። "ለእናንተ ሲሆን ብቻ ነው ገብርኤል?" አለችኝና ልታልፍ ስትል መንገዱ ላይ ተኛሁባት። ቆመች። ረገመችኝ፤ ለጠላት እንኳ የማይባል ዓይነት እርግማን። ከዚያ ዞረች።

ልጇን ወደ ደረቷ አዙራ አቅፋ ነው የወረደችው። ገደሉን እስክትዞር ተነሥቼ ቆሜ አየኋት።

ወለላ